ከፊልምህ የጎደለው አባት

ይህ ወረቀት በአልጀርስ ከተማ በሥራ ላይ ለሚገኘው ለበኩር ልጄ እጅ ይግባ፤ ሲገባም ጤነኛና ቀና ሆኖ ያግኘው።

የአላህ ሰላምና እዝነት አይለይህ። እንደምን ሰንብተሃል? የባሕሩ ነፋስ ደረትህን አይጎዳህም? የሀገሩ ምግብ ይስማማሃል? ሶላትህን በወቅቱ ትሰግዳለህ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ያቀረብሁት፣ ብቻዋን ባቀርባት እንደማትመልስልኝ ስለማውቅ ነው። እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። እናትህም ደህና ናት። የኢዱን ብስኩት እንደ ወትሮው ጋግራ የአንተን ድርሻ በቆርቆሮ አሽጋ አኑራልሃለች፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ አትከፍተውም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ እንዲያ ያለውን ደብዳቤ ካሉት። ሰላምታ የለው፣ ጤና መጠየቅ የለው፤ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በቀጥታ ወደ ክሱ ይገባል። ፊልምህን ለኢድ ከመልቀቃቸው በፊት ባለ ገንዘቡ ሀጅ ፈርጋሊ የኢዱን ጠዋት ትዕይንት ቆርጠው እንደ ጣሉት፣ ለምን ብለህ ስትጠይቃቸውም «ከቤታችሁ ሰው መጥቶ ለምኖኛል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ» እንዳሉህ ጽፈሃል። ከዚያም ያከልሃት ቃል ይህች ናት፦ «ከቤታችን ትእዛዝ የሚወጣው ከአንድ አፍ ብቻ ነው። እንግዲህ እንኳን ደስ ያለዎ። እኔ ከዚህ በኋላ ፊልሜም ቤቴም ካይሮ አይደለም።»

መልሴን አንድ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ አልደግመውም። እኔ አልሄድሁም። እኔ አልለመንሁም። በሰዎች ፊት ልጄን በብርቱ ቃል የገሠጽሁባቸው ቀኖች አሉ፤ ከጀርባው ሄጄ የእጁን ሥራ ያስጎዳሁበት ቀን ግን የለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ከፈሪ ሰው የሚጠበቅ ነው። አርባ ዓመት በሹብራ ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድም ተማሪ «ሸይኹ ዋሹን» ብሎ አያውቅም። «ሸይኹ ገረፉን» ያለ ግን ብዙ ነው፤ እሱን አልክድም።

ይሁን እንጂ ክስህ እንቅልፌን ወሰደው። ምክንያቱን ልንገርህ። የሆነ ሰው ከቤቴ ወጥቶ በስሜ ለምኖ ከሆነ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባኛል። ማንም ሳይወጣ ሀጁ ከራሳቸው አውጥተው ተናግረውት ከሆነም ውሸታቸውን ፊታቸው ላይ ላኖርላቸው ይገባኛል። አንተንም ቢሆን ጠርጥሬሃለሁ፤ አትቆጣ። ሥራው ያልሰመረለት ዳይሬክተር መቀሱን ሲከስ ሰምቻለሁ፤ ዳቦዋ ያረረባት ሴት ማገዶውን እንደምትከስ ማለት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ያነሣብኝ ልብስ ተኳሹ ኡስታ በዩሚ ነው። ጀለቢያዬን ሊተኩስልኝ ከሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ «ሸይኻችን፣ የልጅዎን ፊልም ከነቤተሰቤ አየነው፤ ዘፈኑ ልብ ያጠፋል!» አለኝ። እኔም ወደ ካውያው አመለከትሁት። እሱ ግን ዝም አይልም፤ የተሠራው እንዲያ ነው። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለ፤ «ልጁ ከቤት የሚጠፋው ለምንድን ነው? ቁጭ ብሎ ብስኩት ይበላል፤ ከዚያ ጀልባ ላይ ሆኖ ይዘፍናል፤ ከዚያ እስክንድርያ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። ኪራይ ጠይቀውት ነው እንዴ የጠፋው? እኔ ሚስቴን ጠየቅኋት፤ እሷም አልገባትም፤ ‹ምናልባት ጀልባው ወስዶት ይሆናል› አለችኝ።» በሱቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ነገርን ያለ ምክንያት እንደማይጀምር አውቃለሁና፤ በዚህ እኔን ትመስላለህ።

ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለማንም ሳልነግር፣ በቀን ትርኢት ሲኒማ ቤት ገባሁ። ጥምጣሜን ያዩ ጎረምሶች «ሸይኹ መስጊዱ ተሳስቶባቸው ነው!» እያሉ ያፏጩ ነበር። ታገሥሁ፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁት።

ፊልሙ የተሰበረ ነው፤ በዩሚ ልክ ነበር። አንድ ልጅ ያለ ምክንያት ከአባቱ ቤት ይወጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያለ ምክንያት ይመለሳል። አባትዬው መጨረሻ ላይ ብቻ፣ በሕመም አልጋ ላይ፣ ራሱን ሳይሸፍን ይታያል፤ ልጁም አንገቱን አቅፎ ያለቅሳል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አለቀሰች፤ ኋላ ግን ለባሏ «ምን ሆነው ነበር?» ስትለው ሰማሁ። ለምን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ የሚያለቅስ ሰው ሽንኩርት እንደ ከተፈ ሰው ነው።

በአዝሀር መስጊድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰዋስው ስንማር፣ መምህራችን ከዓረፍተ ነገር ቃል መጣል መቼ እንደሚፈቀድ እንዲህ ያስረዱን ነበር። አድማጭ የጣልኸውን ቃል በራሱ አእምሮ ሊመልሰው የሚችል ከሆነ ጣለው፤ ንግግርህ ይፈጥናል፣ ያምራልም። ሊመልሰው የማይችል ከሆነ ግን የጣልኸው ቃሉን አይደለም፤ አድማጭህን ነው። ከፊልምህ ላይ የተጣለው ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ የተጣሉት ግን ተመልካቾችህ እንደ ሆኑ አወቅሁ።

በዚያ ምሽት እራት ላይ ለእናትህ ሲኒማ መግባቴን ነገርኋት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ አልደነገጠችም። አባት ሆኖ የሚሠራው ሽማግሌ ጨዋ ሰው ይመስላል አልኋት። እሷም የሞሎኪያውን ወጥ እየጨመረችልኝ፣ «ጥምጣሙን ግን ምን ብሎ ነው እንዲያ የሚጠመጥመው? ጆሮው ላይ ወድቋል። እርስዎ በሕይወትዎ እንዲያ ጠምጥመው ያውቃሉ?» አለችኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አይታ ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

በማግስቱ ዒማድ አድ-ዲን ጎዳና፣ ከሲኒማ ቤታቸው በላይ ወዳለው ቢሮ፣ ወደ ሀጅ ፈርጋሊ ሄድሁ። ሀጁን ታውቃቸዋለህ፤ እንደ ዱቄት ጆንያ ተዘርግተው፣ ማራገቢያውን ወደ ራሳቸው ብቻ አዙረው ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ፤ ሻይ አዘዙ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን መከላከል ጀመሩ፤ ይህም ጥርጣሬዬን አባባሰው።

«ሸይኻችን፣ ልጅዎ እኔን ሉካንዳ ነጋዴ ብሎኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! ደንበኛው ሱሪው ረዘመብኝ ሲል አሳጥራለሁ» አሉኝ።

«ደንበኛው ሱሪው ረዘመብኝ ሲል እግሩን ይቆርጡለታል?» አልኋቸው።

ሳቁ፤ ጠረጴዛውን መቱት። «ወላሂ ይህችን ቃል ለሚቀጥለው ፊልሜ እገዛዎታለሁ! ልጅዎ እንዲህ ያለ ንግግር ቢጽፍልኝ ኖሮ ምን ቸግሮኝ እቆርጥ ነበር?»

እኔ ግን ለሳቅ አልሄድሁም። አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። የጀልባውን ዘፈን ማን አስገባው? የቤይሩቱ አከፋፋይ፤ ዘፈን የሌለበትን ፊልም አልቀበልም ብሎ። የተዋናይቷ የነርሚን ፊት በየደቂቃው እንደ ጨረቃ የሚወጣው በማን ትእዛዝ ነው? በራሷ፤ ውሏ ላይ አለ። አህያ የምትጎትተው ጋሪ ድልድይ ስታቋርጥ የሚታየውንስ ማን ቆረጠው? «እሱን እኔ! በእሱ እኮራለሁ!» አሉ። «የኢዱን ጠዋት ትዕይንትስ?» ስላቸው ሻዩን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

«ቤይሩት ያንን ትዕይንት ወዶት ነበር» አሉኝ ዝግ ብለው። «ነርሚንም በዚያ ትዕይንት የለችበትም፤ አያገባትም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ? ሸይኻችን፣ የኢድ ፊልም የሚመርጠው ማን ይመስልዎታል? አባት ይከፍላል፣ ልጅ ይጮኻል፣ እናት ትወስናለች። ስለዚህ ፊልሙ ከመዘጋቱ በፊት ረቡዕ ጠዋት የታችኛውን አዳራሽ ለሴቶች ብቻ እከፍታለሁ፤ የፊልሙ ሠራተኞች እናት፣ ሚስት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ይመጣሉ። ሸርበት አጠጣቸዋለሁ፤ የሐብሐብ ፍሬ አድላቸዋለሁ። ከዚያ ጀርባዬን ለፊልሙ ሰጥቼ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ እቀመጣለሁ። ፊልሙን አላየውም፤ ፍሬ ሲፈለፍሉ አዳምጣለሁ። ቅርጥፍጥፍ ካለ ያ ትዕይንት ይቆረጣል። ዝም ካለ ሳይቆረጥ ይቆያል። ሠላሳ ፊልም ያበሰልሁት በዚህች ዘዴ ነው፤ የፓሪስ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።»

«በኢዱ ጠዋት ትዕይንት ላይስ ቅርጥፍጥፍ አለ?»

ሀጁ ማራገቢያውን አጠፉት። «አንድም ፍሬ አልተሰማም» አሉ።

እንግዲህ ተመልከት። ሰውየው በራሳቸው ሕግ መሠረት ሊያቆዩት የሚገባቸውን ትዕይንት ቆርጠዋል። የገዛ ሕጉን የሚያፈርስ ሰው ወይ ተገድዷል ወይ ተገዝቷል ብዬ አሰብሁ፤ ይህንኑም ነገርኋቸው። ፊታቸው ቀላ። «ሸይኽ፣ ስለ ክብርዎ ዝም አልሁ እንጂ ለዚህ ቃል መልስ ነበረኝ። ከቤታችሁ ሰው መጥቶ ለምኖኛል፤ እኔም በቁርኣን ምዬ ቃል ሰጥቻለሁ። በኢድ ዋዜማ የዚያን ሰው እርግማን ከምጋፈጥ የቤይሩትን ጠበቃዎች ሁሉ ብጋፈጥ ይሻለኛል። ያሰረኝ ካልፈታኝ አልናገርም፤ ትዕይንቱንም አልመልሰውም። ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ።»

ነጋዴ መሐላ ሲያበዛ ሚዛኑን ተመልከት እንላለን። አላመንኋቸውም። እየወረድሁ ሳለ ግን ያቺ ከኢድ በፊት የነበረችው ረቡዕ ትዝ አለችኝ። እናትህ ታማ የተኛችውን አክስትህን ልትጠይቅ ኢምባባ ሄዳ ስለነበር፣ ያን ቀን ምሳዬን የቀዘቀዘ ፉል ብቻዬን ነበር የበላሁት።

ቀጥዬ ፊልምህን በእጃቸው ወደ ቆረጡት ወደ ወይዘሮ ኢንሳፍ ሄድሁ። በስቱዲዮው ግቢ መጨረሻ ያለችውን ጠባብ ክፍል ታውቃታለህ። በሩን ስከፍት ሲጋራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ። «ይቅር ይበሉኝ፤ እዚህ ክፍል ጥምጣም ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ ሳንሱር መስሎኝ ነው» አሉኝ። እኔ ሳንሱር ሳልሆን አባት እንደ ሆንሁ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ይባስ! ሳንሱርስ ሰዓት አለው» ብለው ሲጋራውን መልሰው አወጡት።

እሳቸውንም ጠረጠርኋቸው፤ እንደ ገባሁም «መቀሱን የያዘው የእርስዎ እጅ ነው» አልኋቸው። አልተቆጡም። «የእኔ እጅ ነው» አሉኝ። «ሸይኻችን፣ በዚህ ሥራ ሁሉም ሰው ፊልሙ የእኔ ነው ይላል። ዳይሬክተሩ ከሆዴ ወጣ ይላል። ሀጁ ከኪሴ ወጣ ይላሉ። ተዋናይቷ ከመስታወቴ ወጣ ትላለች። ቁርጥራጩ የሚቀረው ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ከወለል ላይ የማነሣው እኔ ነኝ። ልጅዎ አባቴ ናቸው ያስቆረጡት ብሎ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

ጥቂት አዩኝና፣ «አይመስሉም» አሉ። «ያን ረቡዕ እኔ ከላይ ፊልሙ ከሚወረወርበት ክፍል ሆኜ እመለከት ነበር። ትዕይንቱ እንዳለቀ አንድ ሰው መብራት ሳይበራ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሩ ላይ ሀጁን ጠበቃቸው። ፊቱን አላየሁም፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ነበር። ሀጁ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ግን አይቻለሁ፤ ሀጅ ፈርጋሊ ለሚኒስትር እንኳ አንገት አይደፉም። ከዚያ መጥተው ‹አውጪው፤ እንዳትጥይው ግን› አሉኝ።»

አልጣሉትም። ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥተው ከሙሉ ፊልምህ ጋር አገናኝተው በጠረጴዛው ትንሽ መስታወት ላይ አሳዩኝ። ልጄ ሆይ፣ አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ አንብብ።

የኢድ ጠዋት ነው። ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰው በተራ የአባታቸውን እጅ ይስማሉ። ታላቁ ልጅ ሲቀርብ ጥምጣም የጠመጠመው አባት እጁን ወደ እጅጌው ይሰበስባል፤ ልጁ ከአንድ ቀን በፊት በመስጊዱ ሰው ፊት የቁርኣን ንባቡን ስቶ አሳፍሮታልና። ልጁ አጎንብሶ ይቆያል። ወንድሞቹ ብስኩታቸውን ይዘው ይወጣሉ። እሱ አሁንም አጎንብሷል። አባትዬው ሻይ ይጠጣል። ያ ብቻ ነው፤ ማንም አይናገርም፣ ማንም አያለቅስም። ኡስታ በዩሚ «ለምን ጠፋ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ለምን እንደ ጠፋ ግን አንድ ሕፃን እንኳ ይረዳዋል።

ያ ጠዋት በቤታችን የሆነ ነው፤ አልክድም። እንድጸጸትበት ከጠበቅህም ተሳስተሃል። የአላህ ቃል በሰው ፊት ሲዛባ ዝም የሚል አባት አባት አይደለም፤ ነገ ቢደገም እኔም እደግመዋለሁ። ሆኖም ያደረግሁትን አልደብቅም። የማልጸጸትበትን ነገር ለምን እፈራዋለሁ? ፊልምህ ቆሞ የሚሄደው በዚያ ትዕይንት ነው፤ እሱ ሲወጣ የቀረው ዘፈንና የነርሚን ፊት ነው።

ስለ ሥራህም ያየሁትን ሁሉ እላለሁ፤ ልታዘዝልህ አልተወለድሁምና። ዳይሬክተሩ ያዘጋጀው ቅጂ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሰው ሲጋራ ሲያጨስ ሲጋራው እስኪያልቅ እንድንጠብቅ ታደርጋለህ፤ ምን ልታስተምረን? ያቺ አህያ ደግሞ ድልድዩን እስክትጨርስ ድረስ ወይዘሮ ኢንሳፍ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ጡረታ ይወጣል» አሉኝ፤ እኔም ተስማማሁ። አህያዋን በተመለከተ ሀጁ ልክ ናቸው፤ ስለ ትዕይንቱ ልክ የሆንኸው ግን አንተ ነህ። ሁለታችሁም በጥቂቱ ልክ ስለ ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ በሙሉ ልክ የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ ፊልሙ የተበላሸው በዚህ ነው።

ከመነሣቴ በፊት ወይዘሮ ኢንሳፍ ሥዕሉን እንዲያቆሙልኝ ለመንኋቸው። በዚያ ትዕይንት አባትዬው ሻዩን ሲያነሣ ጥምጣሙ ተንሸራትቶ ጆሮው ላይ ይወድቃል። «ይህ ሽማግሌ በሌላ ቦታ ጥምጣም ይጠመጥማል?» ብዬ ጠየቅሁ። «የለም፤ በዚህች ትዕይንት ብቻ ነው» አሉኝ። «በግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሥዕልስ?» «እዚያስ ነርሚን እንጂ ማን ቦታ አግኝቶ!» አሉኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም።

ልጄ፣ እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን በሆነበት ቅደም ተከተል ጽፌልሃለሁ፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። አንተ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጎን አስቀምጦ ያልተነገረውን ማናገር ሙያህ ነው። እኔ በብዕሬ የማልጽፈው አንድ ስም አለ፤ በደብዳቤህም እንድትጽፈው፣ በፊቴም እንድትጠራው አልፈቅድም። ከቤቴ የወጣውን ሁሉ እኔ እሸከመዋለሁ፤ የቤት አባትነት ይኸው ነው። ያ ሰው ለራሱ አንዳች አልፈለገም። በማላውቃቸው ሴቶች ሳቅና ምላስ መካከል ስሜ እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው። ጥምጣሜ በሰው ዓይን ሲዛባ ማየት ያልቻለ ሰው አለኝ ማለት ነው፤ ይህን በዚህ ዕድሜዬ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው፣ የኢዱን ትዕይንት እንዳየሁት ተናገርሁ። እውነት እንደ ሆነም ተናገርሁ፤ ፊልሙ ያለ እሱ አንካሳ እንደ ሆነ፣ ሀጅ ፈርጋሊ በመሐላ ስለ ታሰሩ ሊመልሱት እንዳልቻሉ፣ የሚወደኝ ሰው ካለ ግን ቢፈታቸው ደስ እንደሚለኝም። እናትህ ሳህኖቹን አነሣች። በማግስቱ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ጥቁር መላያዋን ለብሳ፣ «ኢምባባ ልሄድ ነው፤ እህቴ እንደገና አሟታል» አለችኝ። «አላህ ይማራት፤ ሰላምታዬን አድርሺ» አልኋት። አክስትህ ከሳምንት በፊት ገበያ ውስጥ እንደ ፈረስ ስትራመድ አይቻት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኡስታ በዩሚ ከታች ሆኖ ሰፈሩን በሙሉ እያሰማ፣ «ሸይኻችን! ስልክ! ሲኒማ ነው! ሊያሠሩዎት ነው መሰለኝ!» እያለ ጠራኝ። ወርጄ ስልኩን ብይዝ ሀጁ ናቸው። «ሸይኽ፣ ተፈታሁ!» አሉኝ። «ማን ፈታዎ?» አልኋቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ። «ጥያቄ ያበዛሉ» አሉኝ። «ይግቡና ከባለቤትዎ ጋር ሻይዎን ይጠጡ።»

ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ ተከራከርኋቸው። ለቱኒስ ፌስቲቫል የሚላከው ቅጂ በአንተ እጅ እንደገና እንዲገጠም ተስማምተናል። የኢዱ ጠዋት ይመለሳል። የጀልባው ዘፈን ይወጣል፤ ሀጁ ከእሱ አንዲት ስንኝ ትቅርልኝ ብለው ሊያለቅሱ ስለ ደረሱ፣ እሷን ትተውላቸዋለህ። አህያዋ አትመለስም፤ ስለ እሷ አንድ ቃል እንዳትናገር። ቅጂው የሚዘጋው ከዚህ ወር መጨረሻ በፊት ነው። እስከዚያ ካልመጣህ ወይዘሮ ኢንሳፍ ለብቻቸው እንዲያጣብቁት ይታዘዛሉ፤ እሳቸው ሥራቸውን ያውቃሉ፣ የአንተን ሐሳብ ግን አያውቁም። ያኔ በስሙ የማያፍር ፊልም ሊኖርህ ሲችል በኩራትህ ታጣዋለህ። ኩራትህ ከማን እንደ መጣ አውቃለሁና በዚህ ጉዳይ ምክር የመስጠት መብት አለኝ።

ስለዚህ ና። ስትመጣ አስቀድመህ ወደ እናትህ ግባ፤ ስለ ፊልሙ አታንሣባት። እሷ ካነሣችው ስማት።

ትናንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያስብ ሰው እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ «ሸይኽ፣ ጨዋ ሴት ከባሏ ጋር በቀን ሲኒማ ብትገባ ነውር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥቂት አሰብሁበትና፣ ከባሏ ጋር ከሆነ ነውር የለውም አልኋት። ቀጥላም፣ «ውስጡ ይጨልማል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

እውነት ነው አልኋት፤ ዓይን ግን ይለምደዋል።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከባሕሩም ከሰውም ክፋት ይጠብቅህ፤ ለእጅህ ሥራ በረከትን፣ ለልብህ ትሕትናን ይስጥህ። የእናትህ ዱዓ አይለይህም፤ የእኔም እንደዚሁ።

በጥብቅ የሚወድህ፣
አባትህ